አዲስ ሞዴል ሲወጣ አሮጌው ኪቦርድ ይረክሳል?

ዋሽንግተን አካባቢ ለሰርግና ለክለብ ኪቦርድ ተጫዋቾች ዕቃ እጠግናለሁ። ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ አዲሱ ወጥቷል፤ አሮጌው አሁን አይረክስም?» እንደ ዕቃው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ሰው ያንን አሮጌ ዕቃ ለምን እንደሚፈልገው አጣሩ። ከበሮና ቤዝ አብሮ የሚመታልን የሰርግ ኪቦርድ የሥራ ዕቃ ነው። ያማሃ ጄኖስ በ2017 ወጣ፣ ጄኖስ 2 በ2023 ተከተለ። አዲሱ የአሮጌውን ሥራ ይሠራል፣ ይጨምራልም። እዚህ ላይ ዋጋ ይወርዳል። ግን ወሬው እንደተሰማ አትሩጡ። አዲሱ ሱቅ እስኪገባ ጠብቁ። ያኔ ባለቤቶቹ አዲሱን ለመግዛት ገንዘብ ለማግኘት ስለሚቸኩሉ አሮጌውን በአንድ ሰሞን ያወጡታል። ከእኛ ሰው ስትገዙ ደግሞ የጫነውን የችክችካና የጉራጌ ምት አብሮ ይሰጣችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ምቱን አጥፍቶ ባዶ ዕቃ የሚያስረክብ ሞልቷል። ለእኔ ምቱ የዋጋው ግማሽ ነው።

ሚኒሙግ ላይ፣ ማለትም ሙግ የሚባለው ኩባንያ በሠራው የድሮ ሲንተሳይዘር (ድምፅ ፈጣሪ ኪቦርድ) ላይ፣ ይሄ ስሌት አይሠራም። ኦሪጅናሉ መመረት ያቆመው በ1981 ነው። ሙግ ራሱ በ2016 መልሶ አወጣው፤ በ2022 ደግሞ በ4,995 ዶላር። በመሃል ቤሪንገር የተባለ ሌላ ኩባንያ ተመሳሳዩን በ300 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ። ብዙዎች ኦሪጅናሉ አበቃለት ብለው ጠበቁ። አሁንም በሺዎች ዶላር ይሸጣል። 300 የሚከፍለው ልጅ ድሮም ሺዎች ሊያወጣ አልነበረም። እንዲያውም በርካሹ ድምፁን ለምዶ ነገ ኦሪጅናሉን ይመኛል። ሻጩ በበኩሉ «አዲሱ እንኳ አምስት ሺህ ነው እኮ!» የሚልበት ማስረጃ አገኘ። ስለዚህ ለመድረክ ከሆነ ርካሹን ገዝታችሁ ተገላገሉ፤ ኦሪጅናሉ ይወርዳል ብላችሁ ዓመት አትጠብቁ።

ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባለውን ሲንተሳይዘር ግን እወደዋለሁ። በ1983 ሲወጣ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጫወተበት ነው። የተሸጠው እጅግ ብዙ ነው፤ ድምፁም ዲጂታል ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ በነፃ ፕሮግራም ይገኛል። እንደ ሚኒሙግ ከጣሪያ በላይ ያልወጣው ለዚህ ነው። ስትገዙ የውስጥ ባትሪውን ጠይቁ። ካለቀ የተቀመጡት ድምፆች ይጠፋሉ።

አሁን ሰው የማያስበው ነገር፦ አዲስ የሚመረተው ዕቃው ሳይሆን መለዋወጫው ሲሆን። የ1984ቱ ሲንተሳይዘር ሮላንድ ጁኖ 106 ስድስት የድምፅ ቺፖች አሉት፤ ስማቸው 80017ኤ ነው። በላያቸው ያለው ሽፋን በዕድሜ ያበላሻቸዋል። ሽፋኑን በአሴቶን አላቅቀው የሚያድኑ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ዛሬ ምትክ ቺፕ በአዲስ ይሠራል። ውጤቱ ምን ሆነ? ድሮ «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ የሚሰጥ ሰው ዛሬ «ቺፕ ብቻ ነው የሚፈልገው» ብሎ የጤነኛ ዋጋ ይጠራል።

አትሸወዱ። ስድስት ቁልፎችን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ደጋግማችሁ። በየዙሩ አንዱ ዝም ካለ ወይም ከተንጫረረ አንድ ቺፕ ሞቷል ማለት ነው። ከጤነኛው ዋጋ ላይ የቺፑንና የእጅ ዋጋ ቀንሱ። ከዚያም ለሌሎቹ አምስት ጥቂት ጨምራችሁ ቀንሱ፤ ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ተራቸው ሩቅ አይደለም። ሻጩ ስድስቱንም ቀይሮ ደረሰኝ ካሳያችሁ ግን ብዙ አትከራከሩ፤ ክፈሉት።