ወረቀቱ የት ሄደ? የአንዲት ትንሽ ከተማን ያለፈ ዘመን ከመዝገብ እንዴት መፈለግ ይቻላል

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ወጡ ሆለታ ይደርሳሉ። መንገደኛ የሚያውቃት በአበባ እርሻዎቿ የላስቲክ ቤቶች፣ በጦር ትምህርት ቤቷና ደብተር ይዘው በአስፋልቱ ዳር በሚጓዙ ተማሪዎቿ ነው። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሽማግሌዎች የምንሰማው ታሪክ ሁሉ «በምኒልክ ጊዜ» ብሎ ይጀምራል፣ በ«ጣሊያን ጊዜ» በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ዘልሎ «ደርግ ሲገባ» ላይ ያርፋል። በመካከል ያሉት ሠላሳ ዓመታት የሉም።

እነዚያን ዓመታት ፍለጋ ስነሣ ሁለት ክረምት ያለፈኝ የተሳሳተ በር ሳንኳኳ ነው። የከተማዋን ወረቀት ከከተማዋ ማዘጋጃ ቤት እጠይቅ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የአንድ ከተማ ወረቀት የሚቀመጠው ከተማው ባለበት ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን ከተማው ለማን ይገዛ በነበረበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚነሣ ነው። ምሳሌዬ ሆለታ ትሁን እንጂ ለሰበታም፣ ለሱሉልታም፣ ለሰንዳፋም መንገዱ አንድ ነው።

አንደኛ፦ ትንሽ ጥያቄ ይያዙ

«የከተማዬን ታሪክ አጠናለሁ» ማለት ዓባይን በጭልፋ ነው። መዝገብ ቤት ገብተው እንዲህ ቢሉ ሠራተኛው ምን እንደሚያወጣልዎ አያውቅም። «የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መቼ ተከፈተ?»፣ «ይህ የድንጋይ ቤት የማን ነበር?» ቢሉ ግን ቢያንስ የትኛውን መደርደሪያ እንደሚያይ ይገባዋል።

የእኔ ጥያቄ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። እናቴ «የግሪኩ ወፍጮ» ትለዋለች፤ ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ደግሞ የአርመን ነው ብለው ይሟገቱ ነበር። የማን ነበር? ይኸው ብቻ።

ሁለተኛ፦ የከተማዋን ስሞችና የከተማዋን አለቆች ይዘርዝሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔም ዘልየው ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ያውጡ። በግራ በኩል ዘመኑን፣ በቀኝ በኩል ከተማዋ የታዘዘችለትን መሥሪያ ቤት ይጻፉ።

የሆለታ ገጽ ይህን ይመስላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሆለታ በወልመራ ወረዳ፣ በመናገሻ አውራጃ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች። የመሬት፣ የግብርና የፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ አውራጃና ወደ ጠቅላይ ግዛት ይወጣ ስለነበር ደብዳቤዎቹም አብረው ወጥተዋል። ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት የጻፉት ጣሊያኖች ናቸው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ስለዚህ የ1955 ዓ.ም. ወረቀት ከቀበሌ መጠየቅ ገና ካልተወለደ ልጅ ምስክርነት እንደ መሻት ነው። ከ1984 በኋላ ደግሞ ኦሮሚያ ክልል፣ ምዕራብ ሸዋ ዞን ይመጣል፤ በ2000 ዓ.ም. የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሲዋቀር ፋይሎቹ እንደገና ጓዛቸውን ጠቀለሉ። መሥሪያ ቤት በተዛወረ ቁጥር የሚወሰድና የሚጣል ወረቀት አለ፤ ስለዚህ የመዛወሪያ ዓመታቱን በቀይ ያስምሩባቸው።

በከተማዋ ውስጥ ሆነው ለከተማዋ የማይታዘዙ ተቋማትንም ለብቻ ይጻፉ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጥኑ የነበሩት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ ታም ትዝታውን የጻፈው በስዊድንኛ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ከዕጩ መኮንኖቹ አንዳንዶቹ በነቀምት በኩል ከተሰባሰበው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር ጋር ተቀላቅለዋል። የእነዚህ ሰዎች ስም ዝርዝር ከሆለታ ማዘጋጃ ቤት አይገኝም፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ምንጊዜም ጦሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። የግብርና ምርምር ማዕከሉም እንዲሁ የራሱ አለቃ አለው።

ቀጥሎ ስሞቹ። ከተማዋ ሆለታ ናት፣ ገነት ናት፣ ሆለታ ገነት ናት፣ በኦሮምኛ ሆሎታ ናት። በላቲን ፊደል በተጻፉ ሰነዶች አንዳንዱ «ኤች» ጨምሮ፣ አንዳንዱ ደግሞ በተለይ ጣሊያኑ ያለ «ኤች» በ«ኦ» ይጀምራታል። በካታሎግ ላይ ሁሉንም መፈለግ አለብዎ። «ገነት» ብቻ ብለው ቢፈልጉ ግን አዲስ አበባ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እየመጣ ያደክምዎታል።

ሦስተኛ፦ ከሣጥን ይጀምሩ

ወደ ትልቅ መዝገብ ቤት ከመሄድ በፊት በከተማው ያለውን ይጨርሱ። ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው የእድር መዝገብን ነው። ማን መቼ እንደ ሞተ፣ ማን ዳኛ ማን ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረ፣ ድንኳኑ መቼ እንደ ተገዛ በቀን በቀኑ ተጽፎ ይገኛል። የእድር ጸሐፊ የሚጽፈው ለታሪክ ብሎ ሳይሆን ገንዘብ እንዳይጠፋ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም። ከዚያ የትምህርት ቤት ሮስተር አለ። የቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ መዝገብም አለ። በጥንት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የውል ማስታወሻ መጻፍ የቆየ ልማድ በመሆኑ የደብሩን አስተዳዳሪ በትሕትና መጠየቅ ይበጃል። መጽሐፉን ራስዎ ለመግለጥ ግን እጅዎን አይዘርጉ፤ የሚገልጥልዎትን ይጠብቁ።

የሰው ቤት ሣጥን ሲመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች «የመሬት ወረቀት አለዎት?» ብለው ወሬ ከጀመሩ ያ በር ተዘጋ ማለት ነው። መነሣትና ካሳ ያላንገላታው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ደብተር ይዞ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቦታ ሊለካ የመጣ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩባቸው ባልቴት ቡና አፍልተው አስተናገዱኝና የግብር ደረሰኝ የሚለውን ቃል ሲሰሙ «ልጄ፣ ሣጥኑ ቁልፉ ጠፍቷል» አሉኝ። ሣጥኑ ቁልፍ የሌለው የጣውላ ሣጥን ነበር። ስለዚህ በፎቶግራፍ ይጀምሩ፤ የሠርግ፣ የትምህርት ቤት፣ የማኅበር ፎቶ። ከፎቶው ጀርባ ብዙ ጊዜ ቀን ይጻፋል። ደረሰኙ በሦስተኛው ጉብኝት ራሱ ይመጣል። ለእኔም የመጣው በሦስተኛው ነው፦ ወፍጮ ቤት የሚል ቃል ያለበት፣ ማኅተሙ የደበዘዘ የግብር ደረሰኝ።

አራተኛ፦ ደብዳቤ ያጽፉ

ለመንግሥት መዝገብ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ተማሪ ከሆኑ ከኮሌጁ፣ ካልሆኑ ከቀበሌ፣ ከእድር ወይም ከሚሠሩበት ድርጅት ያጽፉ። ርዕሰ ጉዳዩን፣ የሚፈልጉትን ዓመትና የወረቀቱን ዓይነት ይጥቀሱ። «ለጥናት ትብብር እንዲደረግላቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይከርማል።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አዋጁን ከኪስ መዝዞ ማሳየት ግን ጥሩ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት «ቁልፉን የያዙት ለመስክ ወጥተዋል» እየተባልኩ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። በአምስተኛው ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጬ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። ለካስ ከዚያ በፊት የድሮዎቹን ዶሴዎች የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቁልፉ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

አምስተኛ፦ አዲስ አበባ

ሁለት ቦታዎች በቂ ናቸው። የመጀመሪያው በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ሁሉም በቀድሞ ስሙ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ የቆዩ ጋዜጦችን ይጠይቁ፦ ከ1917 ጀምሮ ብርሃንና ሰላምን፣ ከ1933 ጀምሮ አዲስ ዘመንን። አብዛኛው አንባቢ ፊተኛውን ገጽ አይቶ ይመለሳል። እርስዎ የኋላ ገጾችን ይመልከቱ። ትንሽ ከተማ የፊት ገጽ ላይ የምትወጣው ንጉሡ ሲጎበኟት ብቻ ነው፤ የዘወትር ኑሮዋ ያለው በጨረታ፣ በፍርድ ቤት ጥሪና በ«ማኅተም ጠፍቶብኛል» ማስታወቂያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጽሑፎች ውስጥ ስለየትውልድ ከተሞቻቸው የተጻፉ ብዙ አሉ። ጽሑፉን ከመጨረሻው ይጀምሩት። እዚያ ቃላቸውን የሰጡ ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና የተነጋገሩበት ቀን ይዘረዘራል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰማንያ ዓመት ሰው የነበሩትን ዛሬ አያገኟቸውም፤ ልጆቻቸውን ግን ያገኛሉ።

ስድስተኛ፦ ማንበብ

ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ 1934፣ ሌላው 1935 እ.ኤ.አ. ቢል ወዲያው ስህተት አይበሉ፤ ሁለቱም በእኛ 1927 ሊውሉ ይችላሉ። የጣሊያን ወረቀት ከቀኑ አጠገብ ሌላ የሮማን ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር የፋሺስቶች ዓመት ነው። አሥራ አራተኛው ዓመታቸው አብዛኛውን የእኛን 1928 ይሸፍናል። የቆዩ የአማርኛ ደብዳቤዎች በግዕዝ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ፤ ፲፱፻፳፯ ካዩ 1927 ነው። ፳ንና ፴ን በደበዘዘ ቀለም ላይ ማምታታት ቀላል ነው፤ እኔ በዚህ አሥር ዓመት ስቻለሁ።

አሕጽሮተ ቃላትንም ይልመዱ፦ ግራ/፣ ቀኛ/፣ ፊታ/ ከስም በፊት ሲመጡ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ ናቸው። የአንድ ሰው ማዕረግ ከፍ ሲል የወረቀቱን ቅደም ተከተል ለማወቅ ይረዳል፤ ግራዝማች የተባለበት ደብዳቤ ቀኛዝማች ከተባለበት ይቀድማል። «ጋሻ» ስለ መሬት ሲነገር 40 ሄክታር ያህል ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው የመሥሪያ ቤት ወረቀት በአብዛኛው በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተጻፈ ነው። ቋንቋውን ካላወቁ የሚያውቅ ወዳጅ ይዘው ይቀመጡ፤ በግምት የተተረጎመ ሰነድ ካልተነበበ ሰነድ ይብሳል።

ሰባተኛ፦ ወረቀቱን ሳይሆን አድራሻውን ያንሡ

ስልክ ካሜራ ስላለው ሁሉም ፎቶ ያነሣል። በመጀመሪያ ያስፈቅዱ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት የዶሴውን ሽፋን ያንሡ፤ የመሥሪያ ቤቱን፣ የፋይሉን ቁጥርና ያዩበትን ቀን በደብተር ይጻፉ። እኔ ስለ ወፍጮው የሚናገር የኪራይ ውል አግኝቼ ጽሑፉን ብቻ አንሥቼ ተመለስኩ። ዶሴው የትኛው እንደ ነበር ለማወቅ እንደገና ሦስት ቀን ፈለግሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ ለማንም ግን ማስረጃ ብዬ ላቀርበው አልችልም።

ስምንተኛ፦ ይዘው ይመለሱ

ያገኙትን ለሽማግሌዎች ያንብቡላቸው። «ተሳስተዋል» ብለው አይጀምሩ፤ «እንዲህ የሚል ወረቀት አገኘሁ፣ ምን ይሉታል?» ይበሉ። ወረቀትም ይዋሻል፤ ግብር ለመቀነስ ቤቱን ያሳነሰ፣ ርስት ለመከራከር የትውልድ ሐረጉን ያስረዘመ ብዙ ነው። የቀይ ሽብር ዘመን፣ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም.፣ የቀበሌ መዝገብ ከገጠመዎ ደግሞ ቆም ይበሉ። ማን ማንን እንዳስያዘ የሚናገሩ ስሞች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ልጆቻቸው ዛሬ በአንድ እድር ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ስም ገልብጬ አላውቅም፤ ለሕዝብ ማውጣትማ ከቶ አይታሰብም።

የወፍጮውን ደረሰኝ ይዤ የሄድኩት እናቴ ጋ ነው። ግብር ከፋይ ተብሎ የተጻፈው ግሪክም አርመንም አልነበረም፤ «ወ/ሮ» ይላል፣ ከዚያ የአንዲት የከተማችን ሴት ስም። ያ ዶሴው የጠፋብኝ የኪራይ ውል እንደሚለው ግሪኩ ተከራይ ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «እሷማ ጠላ ነጋዴ አልነበረችም እንዴ?» አለች። አሁን የጠላ ፈቃድ መዝገብ የት እንደሚቀመጥ እያጠያየቅሁ ነው።