አፈሩ የት ገባ?
ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። አዲስ አበባ ላይ የተከልኩት ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነ የአየር ብናኝ ሰብሳቢ፣ ከጎኑ ካለው መሣሪያ ያነሰ ሲሊከን፣ ካልሲየምና ብረት፣ ማለትም የአፈር ብናኝ ምልክቶችን፣ ያሳይ ነበር። በመደበኛ ሊትር (በባሕር ወለል ግፊት በሚለካ የአየር መጠን) ሲሰላ ጥቀርሻው ግን እኩል ነው። ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ጎማውን ፈተሽኩ። የሚያፈስ የለም።

በመጨረሻ የአየር ፍሰትን በአረፋ ፍጥነት የሚለካ የሳሙና አረፋ መለኪያ ገጠምኩ። የሰብሳቢው ፍሰት መቆጣጠሪያ፣ መሆን እንዳለበት፣ በደቂቃ 16.7 ሊትር ይላል፤ አረፋው ግን በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ይከንፋል። 22 ሊትር! ለካ መቆጣጠሪያው የሚቆጥረው በባሕር ወለል ግፊት ነው። እዚህ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ክብደት ሰፊ ቦታ ይይዛል። ሳይክሎኑ (አየሩን አሽከርክሮ ትልልቁን ብናኝ የሚጥለው የሰብሳቢው ክፍል) ደግሞ አየሩ ሲፈጥንበት ከ2.5 በታች ያለውንም የአፈር ብናኝ ይጥላል። ጥቀርሻ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል።

እውነተኛው ፍሰት 16.7 እንዲሆን መቆጣጠሪያውን 12.7 ላይ አስተካከልኩት። ሲሊከኑ ተመለሰ። የድሮዎቹን ናሙናዎች ግን ለአፈር ስሌት አልጠቀምባቸውም።