ከለንደን ወደ ማርጌት፦ የአንድ ቀን የባሕር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ማርጌት በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ድሮ በጋ ሲመጣ የለንደን ሰው ወደ እሷ ይጎርፍ ነበር። ርካሽ በረራ ሰዉን ወደ ስፔን መውሰድ ሲጀምር ግን ቀዘቀዘች። ብዙ ሆቴሎች ተዘጉ፣ የግንቦቹም ቀለም ተላላጠ። ለእኔ ግን አዲስ ከሚያብረቀርቁት ከተሞች ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ቀኑን ስትመርጡ ከፀሐዩ በፊት የባሕሩን ሰዓት እዩ። ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ሲሸሽ የወደቡ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ይቀመጣሉ፣ አሸዋው ይሰፋል፣ ልጆች እንደልባቸው ይሮጣሉ። መዋኘት ካማራችሁ ዋልፖል ቤይ በተባለው ዳርቻ በ1937 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሰፊ ገንዳ አለ። ባሕሩ ሲሞላ ይውጠዋል፣ ሲሸሽ ደግሞ ውኃውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ የሚገባው ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ነው። ውኃው በበጋም ይቀዘቅዛል፤ ፎጣና ጃኬት አይረሳ።

ፈጣኑ ባቡር ከሴንት ፓንክራስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከቪክቶሪያ የሚነሳው ይዘገያል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሦስት ሆናችሁ ከጠዋቱ ግርግር በኋላ ከሄዳችሁ የቡድን ቅናሽ ጠይቁ፤ ከዋጋው ሲሶው ይቀነሳል። ሰኞን ተዉት፣ ተርነር ኮንቴምፖራሪ የተባለው የሥዕል ቤት ዝግ ነው።

ከጣቢያው ስትወጡ ባሕሩን በግራ ይዛችሁ ተጓዙ። በቀኝ በኩል ድሪምላንድ የመዝናኛ ስፍራ አለ፤ የእንጨት ሮለርኮስተሩ መጀመሪያ የተከፈተው በ1920 ነው። ከዚያ አሮጌው ሰፈር፣ ቀጥሎ ተርነር ኮንቴምፖራሪ። መግቢያው ነፃ ነው። የቆመውም ሠዓሊው ተርነር ማርጌት ሲመጣ ያርፍበት በነበረው ቤት ቦታ ላይ ነው። ጊዜ ካላችሁ ወደ ሼል ግሮቶ ውጡ። በ1835 የተገኘ የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው፤ ግድግዳው በ4.6 ሚሊዮን የባሕር ዛጎል ተለብጧል። ማን እንደሠራው እስከዛሬ አልታወቀም። የመግቢያውን ብር በደስታ ክፈሉ።

ምሳ ዓሣና ችፕስ ነው። ጾም ላይ ያላችሁ ዘይቱን ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤቶች በበሬ ስብ ይጠብሳሉ። ሚጥሚጣ ከቤት ያዙ፣ ከኮምጣጤው ጋር ግሩም ይሄዳል። የባሕር ወፎቹ ከእጅ ስለሚነጥቁ ግድግዳ ተጠግታችሁ ብሉ።

ከተቻለ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ቆዩ። ተርነር የወደደው ሰማይ ያኔ ነው የሚታየው። ሰኔ ላይ ጀንበሯ ባሕሩ ውስጥ የምትገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጠዋት እንደወረዳችሁ ፎቶ አንሱት።