በረኛችን ዋንጫ ያስበላናል? ክርክሩን በደብተር የመፍቻ መንገድ

ከጣፎ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአስኮ እስከ ጀሞ፣ የሰፈር ውድድር ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ የሜዳ ዳር ክርክሩ አንድ ነው፦ «በዚህ በረኛ ዋንጫ ይበላል?» አንዱ ባለፈው እሁድ ተወርውሮ ያወጣትን ያነሳል፣ ሌላው በእግሮቹ መሃል ያለፈችውን። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ግን በአንድ ኳስ በረኛ አይመዘንም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ውጡ።

የገባበትን ጎል ብቻ መቁጠር ይቅር። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ነው የረታችው። በሁለት ጨዋታ አራት ጎል ገብቶም ዋንጫው እዚሁ ቀረ። የጎል ቁጥር የተከላካዩንም፣ የአማካዩንም ጥፋት በአንድ ሰው ራስ ላይ ይከምራል።

ቦታችሁ ከጎሉ ጀርባ፣ ከቋሚው ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ከመሃል መስመር ሆኖ የበረኛ አቋቋም አይታይም። ወደ ጎል ለመጣ እያንዳንዱ ምት አንድ መስመር ጻፉ፦ ከየት ተመታ (ከ16.50፣ ማለትም ከቅጣት ክልሉ፣ ውስጥ ወይስ ውጭ)፣ በረኛው ሲመታ የት ቆሞ ነበር፣ መጨረሻውስ? ለመጨረሻው አራት ቃል ይበቃል፦ ያዘ፣ ወደ ጎን መለሰ፣ ወደ መሃል መለሰ፣ ገባ። ተሻጋሪ ኳሶችን በሌላ ገጽ መዝግቡ።

ስንት ጨዋታ? በበረዶ ሆኪ አንድ በረኛ በአንድ ጨዋታ ከ25 እስከ 30 ምት ስለሚገጥመው የማዳን መቶኛው ቶሎ ትርጉም ያገኛል። በእግር ኳስ ግን ወደ ጎል የሚሄደው ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ነው። ከ5 ምት 4 ካዳነ 80 በመቶ፣ 3 ካዳነ 60፤ አንዲት ኳስ 20 ነጥብ አወረደችው ማለት ነው። 40 ምት ከተመዘገበ በኋላ ግን አንድ ኳስ የሚያንቀሳቅሰው 2.5 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ አስር ጨዋታ ያህል ሳትመዘግቡ ፍርድ አትስጡ።

ከሁሉ በላይ አቋቋሙን ተመልከቱ። ጎል 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው (የአጣና ጎል ከሆነ አስቀድማችሁ ለኩት፤ አግዳሚው መሃሉ ላይ ይጎብጣል)። አጥቂው ከፊት ለፊት በ16 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን በረኛው መስመሩ ላይ ከቀረ ሙሉውን 7.32 ሜትር መሸፈን አለበት። አራት ሜትር ወደፊት ከወጣ ግን የሚሸፍነው ወደ 5.5 ሜትር ይጠባል። አደጋው በአናቱ ላይ የምትጣል ኳስ ናት፤ ስለዚህ ጎበዙ አጥቂው አንገቱን ደፍቶ ኳሱን ሲያይ ይወጣል፣ እግሩን ሲያነሳ ግን በሁለት እግሩ ተተክሎ ይቆማል። እየሮጠ የሚመታበት በረኛ ወደ ጎን መወርወር አይችልም። ዘወትር የሚወረወር በረኛ ለተመልካች ደስ ይላል፤ እኛ ግን ኳስ ደረቱ ላይ የምትመጣለትን እንመርጣለን፣ አስቀድሞ ቦታውን ይዟልና።

የአዲስ አበባ ከፍታ እዚህ ላይ ይገባል። ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ኳስ ፍጥነቷን ቶሎ አትጥልም፣ መጠምዘዟም ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ በረኛ በመጀመሪያ ሳምንታት ከሩቅ በተመታ ኳስ ቢዘገይ ወዲያው አትፍረዱበት።

«እጁ አይዝም» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ኳሱን ፈትሹ። ጎሚስታ ቤት የተነፋች ኳስ ድንጋይ ትሆናለች፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ሲሆን የመኪና ጎማ ግን ከ2 ባር በላይ ይነፋል። ጓንቱንም እዩ። መዳፉ አቧራ ከያዘና ከደረቀ ያንሸራትታል። ከጨዋታ በፊት በውሃ ይረጥብ፣ ከጨዋታ በኋላ ያለ ዱቄት ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጓንት ይሰነጣጠቃል። ኳሱም ጓንቱም ደህና ሆነው ወደ መሃል የሚመልሳቸው ከበዙ ችግሩ የእሱ ነው። አጥቂ ሳይደርስባት የቀረችውንም ቢሆን እንደ ግማሽ ጎል ቁጠሯት።

በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ኳስ በምድር ስትመጣ በድንገት ትነጥራለች። እዚያ ጎንበስ ብሎ በእጁ ብቻ የሚለቅም በረኛ አንድ ቀን ያስከፍላል። ጉልበቱን አጥፎ ገላውን ከኳሱ ኋላ ማድረግ አለበት።

ተሻጋሪ ኳስ ላይ ስንቱን እንዳወጣ ሳይሆን ሐሳቡን ስንቴ እንደቀየረ ቁጠሩ። ወጥቶ መሃል መንገድ ላይ የሚቆም በረኛ መስመሩ ላይ ከሚቀረው የከፋ ነው። ድምፁንም ስሙ፤ ኮርና ሲመታ የማይጮህ በረኛ ተከላካዩን ብቻውን ጥሎታል። ሌላም አለ፦ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ በረኛ ኳስን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ ኮርና ይሰጣል። ሰዓት መግደል የለመደ በረኛ መሪነቱን በዚህ ሊያስነጥቅ ይችላል።

ዋንጫ ሲቃረብ ሪጎሬ (የፍጹም ቅጣት ምት) አይቀርም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የምትከንፍ ኳስ 11 ሜትሩን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለች፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይገባል። ስለዚህ ከአምስት አንድ የሚያድን በረኛ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ልምምድ ላይ አምስት መቺዎች እያንዳንዳቸው አስር ይምቱና ሁለት ነገር መዝግቡ፦ በትክክለኛው ጎን ስንቴ ሄደ? ከሄደባቸውስ ስንቱን ነካ? ጎኑን እያወቀ የማይደርስ ከሆነ አነሳሱ ዘግይቷል ወይም የእግሩ ጉልበት ያንሳል። ጎኑን የሚስት ከሆነ አስቀድሞ እየወደቀ ነው፤ መቺው አይቶት ያዞርበታል። ኳሱ ሲመታ የአንድ እግሩ ክፍል መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ኋላ ካልሆነና ኳሱን ካዳነ ምቱ ይደገማል።

ጎል በገባበት ማግስት ያሉትን አስር ደቂቃዎች በተለየ ቀለም አስምሩ። ያን ጊዜ አቋቋሙ ወደ መስመሩ ከሸሸ፣ ከዚህ በፊት የሚይዛቸውን በቡጢ መምታት ከጀመረ፣ በፍጻሜ ላይም ይኸው ይደገማል።

ሁለተኛውን በረኛም መዝኑ። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በዛምቢያ ጨዋታ የብሔራዊ ቡድናችን ዋና በረኛ በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ ቡድኑ በአስር ሰው 1 ለ 1 ተለያየ። ናይጄሪያ ላይ ሌላው በረኛ በቀይ ሲወጣ ግን የሜዳ ተጫዋች ነው በረኛ ሆኖ የቆመው። ስለዚህ ምድቡ ላይ ውጤቱ ካለቀለት ጨዋታ 30 ደቂቃ ለተጠባባቂው ስጡት፤ ከሜዳ ተጫዋቾችም አንዱ በልኩ ጓንት ይኑረውና በየሳምንቱ ሃያ ምት ይቀበል።