አገር ስጠኝ፦ ልጆችን የሌለ ቦታ ስናስጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ልጆቹ በሐሳባቸው የፈጠሩትን አገር እንዲገልጹ አደርጋለሁ። በየዓመቱም አዲስ የመጡ መምህራን እኔ የተሳሳትኩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይሳሳታሉ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ሠንጠረዡ ነው። አየሁ፣ ሰማሁ፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ ዳሰስኩ የሚሉ አምስት ረድፎች ሰሌዳው ላይ ይሰመራሉ። እባካችሁ አጥፉት! ልጅ ባዶ ረድፍ ካየ እንደ ቀበሌ ቅጽ ይሞላዋል። አንዲት ተማሪዬ ሐይቅ ሥር ስላለ ከተማ ጽፋ «ግንቡን ቀመስኩት፣ ይጣፍጣል» አለች። ግንብ ለምን ይቀመሳል ብላት «ጋሼ፣ የመቅመሱ ቦታ ባዶ ነበራ» ብላ መለሰችልኝ። ሠንጠረዡን የሰጠኋት እኔ ነኝ። በማግስቱ ወረቀቱን ወስጄ «ከዚያ ከተማ ስትመለሺ እናትሽ በምን ታውቅብሻለች?» አልኳት። «እዚያ ነጠላ ደርቆ አያውቅም፤ ሰዉ ሁሉ እርጥብ ነጠላ ይሸታል» ብላ ጻፈች። አንድ ሽታ በቃ፤ ከተማው ቆመ።

«ውብ፣ ማራኪ፣ አስደናቂ» የሚሉትን ቃላት አስቀድማችሁ አትስጡ። ሰንፈጥ፣ ጎምዘዝ፣ ሻከር የሚል ቋንቋ ይዘን፣ በሩን ሲጥ፣ ጣሪያውን ጠብ ጠብ ማሰኘት እየቻልን ስለ «ማራኪ» ምን አስጨነቀን?

ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ምን ምን ይሸታል?» ማለትም ዋጋ የለውም። እኔ ዓይናቸውን በነጠላ አስሬ አደስና ጤና አዳም አሽቼ አፍንጫቸው ሥር አቀርባለሁ። አንዱ አደሱን አሽትቶ «የበዓል ዋዜማ፣ የእናቴ ፀጉር» አለ። በሳምንቱ በጻፈው አገር ጫካው ሁሉ የተቀባ ፀጉር ይሸት ነበር።

ሌላው ስህተት ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ሩቅ መስደድ ነው። ያኔ ሁሉም ከቴሌቪዥን የወርቅ ቤት ይዘው ይመጣሉ። እኔ በእንቆቅልሽ እጀምራለሁ። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ግን የሌለ አገር መሆን አለበት። ተቀባዩ «እዚያ ሄጄ ምን አጥቼ!» ሲል ክፍሉ በጥያቄ ያጣድፈዋል፦ ስትገባ ጋቢ ትደርባለህ ወይስ ታወልቃለህ? መልሱን ከራሱ ገላ ያመጣዋል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 1,850 ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጆሮው ተደፍኖ ጋቢው ወልቋል። ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ልጅማ ግመል ምን እንደሚሸት ማንም አይነግረውም።

ቀይ እስክሪብቶን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አታንሱት። አንድ ልጅ ስለ በረዶ አገር ጽፎ ነበር፤ በፊልም ያየው ዓይነት፣ ሁሉ ነገር ነጭ የሆነበት። በእሱ አገር ግን በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል፤ ሰዎች የሚነጋገሩት እየተጯጯሁ ነው፤ ሕፃናት ያለ ጩኸት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔ ሊቁ «የዚያ አገር በረዶ ድምፅ የለውም» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት። እሱ የሚያውቀው በረዶ የደሴውን ነው፤ አገሩም የራሱ ነበር። ደብተሩን ተቀብሎ ድምፁን በሙሉ ሰረዘ። ሲመልስልኝ የቀረው «አገሩ ነጭ ነው። በጣም ያምራል» የሚለው ብቻ ነበር።