«ለሕክምና አልመጥንም» የሚለውን ሐሳብ ተቋቁሞ ትምህርቱን እንዴት መቀጠል ይቻላል?

ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ «እኔ እዚህ የተገኘሁት በስህተት ነው» ብሎ የማያውቅ ተማሪ አላጋጠመኝም። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጡ ልጆች አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ አንዱ የግድ መጨረሻ ይሆናል። ሰፈር ስትመለሱ ደግሞ ገና ከጅምሩ «ዶክተር» ተብላችኋል። ጎረቤት የደም ግፊት መድኃኒቷን ይዛ ትመጣለች፤ እናንተ ገና የእጅ አጥንቶችን ስም እየሸመደዳችሁ ነው። በሚጠሩበት ስምና በሚያውቁት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ተማሪ እንቅልፍ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለዚህ ስሜት ጽፈው ነበር። ያጠኗቸው ሰነፎችን አልነበረም። በትምህርትም በሥራም የተሳካላቸው፣ ግን «ሰው ቢያውቀኝ ኖሮ» እያሉ የሚሰጉ ሴቶችን ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ስለመጣ ብቻ ችሎታ የለኝም ብላችሁ አትደምድሙ። ከታች ያሉት ለእኔም አብረውኝ ለተማሩትም የሠሩ እርምጃዎች ናቸው።

አንድ፦ ጥርጣሬውን አጥብቡት

«አልችልም» የሚባል ነገር ተጠንቶ አያልቅም። «ፊዚዮሎጂ አይገባኝም» ራሱ ገና ሰፊ ነው። «ኩላሊት ሶዲየምን የት የት ቦታ መልሶ እንደሚወስድ አላውቅም» ግን የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ደብተር ላይ ጻፉት። ፍርሃቱ ምዕራፍና ገጽ እስኪኖረው ድረስ አጥብቡት።

ሁለት፦ ደጋግሞ ማንበብ ትታችሁ ራሳችሁን ፈትኑ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንዱ ወገን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ያነበበውን ጽሑፉን ሳያይ አስታውሶ እንዲያወጣ አደረጉ። ወዲያው ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። እኔን የገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። ደጋግመው ያነበቡት «ይህን አስታውሰዋለሁ» የሚለው መተማመናቸው ከፍ ያለ ነበር። ማለትም ላይብረሪ ውስጥ ሃንድአውቱን አራቴ ያሰመረበት ልጅ ልቡ ሞልቶ ይወጣል፤ ራሱን የፈተነው ግን «ምንም አላውቅም» ብሎ አዝኖ ይወጣል። የሚሻለው ያዘነው ነው። ከጥናት በኋላ የሚሰማችሁን ስሜት እንደ ውጤት አትቁጠሩት።

አንኪ የሚባለውን መተግበሪያ አንድሮይድ ስልክና ኮምፒውተር ላይ በነፃ ማግኘት ይቻላል። ካርዶቹን ግን ራሳችሁ ሥሩ። ለአሜሪካ ፈተና የተዘጋጀ በሺህ የሚቆጠር ካርድ ማውረድ አልመክርም። በየቀኑ ያልተሠራ ክምር እያሳየ ሞራል ይገድላል፤ ዎርዳችሁ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ውስጥ የተኛውን የካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሕመም) ታካሚ በተመለከተ ደግሞ ብዙም አያወራም። የድሮ ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፤ መልሱን ብቻ ሸምድዶ መግባት ግን ዎርድ ላይ ያጋልጣል።

ሦስት፦ «አልሰማሁም» ማለት ተለማመዱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰበረው እዚህ ነው።

ራውንድ ላይ ናችሁ፤ ከሐኪሞች ጋር ታካሚዎችን በየአልጋው እየዞራችሁ ታያላችሁ። አልጋው ላይ ያለችው ወጣት ነች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። በልጅነቷ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የመጣ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቯን፣ ማለትም በልቧ ግራ በኩል ያለውን የደም በር፣ አጥብቦታል። በእኛ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ታካሚ ብርቅ አይደለም። ሲኒየሩ (የሚያስተምረን ሐኪም) ያዳምጥና «መርመሩ ተሰማችሁ?» ይላል፤ ደም በጠበበው ቫልቭ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ድምፅ ማለቱ ነው። ተማሪው ተራ በተራ ስቴቶስኮፑን ያስቀምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለሚቀጥለው ይለቃል። ተራችሁ ይደርሳል። ለብ ደብ ከማለት በቀር የሚሰማችሁ የለም። ነቅንቃችሁ ታልፋላችሁ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «ሁሉም ሰማ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚለው ነገር ልባችሁን ሲበላው ይሰነብታል። ማታ ዶርም ውስጥ በግልጽ ስትነጋገሩ ግን ከነቀነቁት ብዙዎቹ እንዳልሰሙ ትደርሱበታላችሁ። የዛሬው ዝምታ ደግሞ ነገ ያስከፍላል፤ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኝ) ከሆናችሁ በኋላ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ በጣም ይከብዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለታካሚ ብቻ አይደለም።

እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያው የልብ ድምፅ ጎልቶ ይሰማኛል፤ መርመሩን ግን መለየት አልቻልኩም። የቱ ጋ ላድርገው?» የያዛችሁትንም የጎደላችሁንም ተናግራችኋል። ባዶውን «አላውቅም» ከማለት በጣም ይለያል፤ ለሚያስተምራችሁም ሰው መነሻ ይሰጠዋል። የሚቆጣ ሲኒየር ይኖራል፤ አልዋሻችሁም። ታካሚ ፊት ተማሪን ማዋረድ ሐኪም አያወጣም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ሆኖም ቁጣው ራውንዱ ሲያልቅ ያልቃል። ያልሰማችሁት ድምፅ ግን እስክትሰሙት ይከተላችኋል።

ከሰዓት ብቻችሁን ተመለሱ። «እህቴ፣ ተማሪ ነኝ። ፈቃድሽ ከሆነ ልብሽን ደግሜ ላዳምጥ?» በሉ። ታካሚዋ ደክሟት ከሆነ ወይም ትንፋሿ ከከበዳት አመስግናችሁ ተመለሱ። ከፈቀደች በግራ ጎኗ ቀስ ብላ ትዙር። የልቧን ጫፍ ምት በጣታችሁ ፈልጉ። እዚያው ላይ የስቴቶስኮፑን ቤል፣ ማለትም ትንሿን ጎን፣ ቆዳውን ነካ ብቻ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከተጫናችሁት ቆዳው ይወጠርና ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አየር አስወጥታ ለአፍታ ትያዝ። በሌላ እጃችሁ አንገቷ ላይ ያለውን የደም ምት ዳብሱ። ምቱ ጣታችሁን ሲመታ ልቧ እየጨመቀ ነው። የምትፈልጉት ድምፅ የሚመጣው ምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከሩቅ እንደሚያልፍ የጭነት መኪና ያጉረመርማል። አንዴ ከለያችሁት በሚቀጥለው ታካሚ ላይ የት እንደምትፈልጉት ታውቃላችሁ።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ለውድ ስቴቶስኮፕ ብላችሁ ቤተሰብ አታስጨንቁ። ቤል ያለው፣ ጆሮ ላይ በደንብ የሚገጥም ከሆነ ይበቃል። የጆሮ መሰኪያው ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ ያዘንብል፤ ተገልብጦ ከገባ የትኛውም ዋጋ አያድናችሁም።

የሰማችሁትን የዚያኑ ቀን ጻፉ። ስምና የካርድ ቁጥር ሳይጠቀስ፣ ምን እንደሰማችሁና እንዴት እንደለያችሁት ብቻ። ሌላ ቀን «አልመጥንም» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ የምታገላብጡት ይህን ደብተር ነው። ማጽናኛ ከሚያወራ ቪዲዮ ይልቅ በራሳችሁ የእጅ ጽሑፍ ያለ ማስረጃ ያሳምናል።

አራትና አምስት፦ ተኙ፤ ብቻችሁን አትሁኑ

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም። ዱቲ (የሌሊት ተረኛ) ያደራችሁ ቀን ስለ ችሎታችሁ ምንም ነገር አትወስኑ።

የጥናት ቡድን ግን ያስፈልጋችኋል። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ወሬ ይሆናል። እኔም ሪ-ኤግዛም (ድጋሚ ፈተና) ተቀምጬ አውቃለሁ። ያወጣኝ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ያንኑ ፈተና ወድቆ ያለፈ ልጅ ነው፤ የት የት እንደተሳሳተ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። አንድ የዶርም ጓደኛችን ግን ውጤቱን ደበቀ። መጀመሪያ ከቡድኑ ቀረ፣ ቀጥሎ ከካፌ ቀረ፣ በመጨረሻ ከሌክቸር ቀረ። እኛ የሰማነው ለማገዝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጎበዝ ነበር። የወደቃችሁ ሳምንት ከሰው የምትርቁበት ሳምንት እንዳይሆን።

ስድስት፦ «አልችልም» እና «ያዋጣኛል ወይ?» የሚሉትን ለዩ

ወደ ክሊኒካል ዓመታት፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ ወደምትማሩባቸው ዓመታት፣ ስትገቡ ሌላ ትምህርት ክፍል የገቡ ጓደኞቻችሁ ተመርቀው ደሞዝ መብላት ይጀምራሉ። እናንተ ገና ከቤት ብር ትጠይቃላችሁ። በዚህ ላይ የአገራችን ሐኪም ደሞዝ ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን የሚያነሳ ተማሪ ሰነፍ ነው ሊባል አይገባም። ነገር ግን ይህ የኑሮ ጥያቄ ነው። «አልችልም» ከሚለው ጋር ከተደባለቀ ሁለቱም መልስ አያገኙም። የኑሮውን ጥያቄ ለብቻው፣ ዕረፍት ላይ ሆናችሁ፣ ከሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞችና ሬዚደንቶች (ስፔሻላይዝ እያደረጉ ካሉ ሐኪሞች) ጋር አንሱት። ስንት እንደሚያገኙ፣ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ምን እንደጠየቃቸው፣ ዛሬ ቢሆን ደግመው ይመርጡት እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ። የተለያየ መልስ ትሰማላችሁ፤ ለዚያም ነው ከአንድ ሰው በላይ መጠየቅ ያለባችሁ። ሰምታችሁ ሌላ መንገድ ብትመርጡም መውደቅ አይደለም።

ሰባት፦ ጥርጣሬ ብቻ ካልሆነ

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ከደበዘዘ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያችሁ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ነው። ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) አታችመንት ላይ ለታካሚ የምንነግረውን ለራሳችን መንገር ያሳፍረናል፤ «የክፍል ጓደኞቼ ያዩኛል፣ መምህሬ ይሰማል» እንላለን። በምትማሩበት ሆስፒታል መታየት ከከበዳችሁ ሌላ ሆስፒታል ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለላችሁ። ብቻችሁን መሄድ ካቃታችሁ ከቡድናችሁ አንዱን ንገሩትና ካርዱን እሱ ያውጣላችሁ።