ፎርማት ከመደረጉ በፊት ኢሜይላችሁን አውጡ

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ትናንሽ ቢሮዎች እየዞርኩ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኞቼ አስመጪዎች፣ ጠበቆች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ናቸው። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርግልኝ።» ፎርማት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶውንና የወርድ ፋይሉን ሁሉም ያስታውሳል። ኢሜይሉን ግን «እሱማ ኢንተርኔት ላይ አለ» ብለው ያልፉታል።

ሁልጊዜ የለም። ደብዳቤው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው አካውንቱ የተከፈተበት መንገድ ነው። መንገዶቹ አይማፕና ፖፕ ይባላሉ። አይማፕ ከሆነ ዋናው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ የያዘው ቅጂ ነው። ፖፕ ከሆነ ግን የኢሜይል ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ያወርድና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሊያጠፋው ይችላል። በድርጅት ስም የተከፈቱ የቆዩ አድራሻዎች ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ፖፕ ነው። አካውንት ሴቲንግስ ገብታችሁ የሰርቨሩን ዓይነት እዩ። ደግሞ አይማፕ ቢሆንም፣ ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ «ሎካል ፎልደርስ» ሥር ያስቀመጣችሁት ሁሉ ያለው እናንተው ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ቸርችል ጎዳና አጠገብ አንድ አስመጪ ቢሮ አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን ልከፍት ስል «ልጄ፣ የጂቡቲው ዕቃ ወረቀት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኢሜይሉን ሳላወጣ ምንም አልነካም» አልኳቸው። ፕሮፎርማው፣ የዕቃ ዝርዝሩ፣ ከባንክ ጋር የተጻጻፉት፣ ሁሉም ኢንቦክሱ ውስጥ ነበር። አካውንቱም ፖፕ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሰው ኢሜይል ሲጠፋ የሚጠፋው ጨዋታ አይደለም፤ የሥራው ማስረጃ ነው።

ከተንደርበርድ እንጀምር። ሄልፕ፣ ከዚያ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን በሉ። «ፕሮፋይል ፎልደር» ከሚለው ጎን ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ደብዳቤያችሁና የአካውንቱ ሴቲንግ በሙሉ ያሉበት ፎልደር ይከፈታል። አሁን ተንደርበርድን ዝጉት። ታስክ ማናጀር ላይ ከጀርባ እየሠራ እንዳልቀረም እዩ፤ ፕሮግራሙ እየጻፈበት ያለ ፋይል ሲቀዳ ሊበላሽ ይችላል።

ውስጡን አንድ ጊዜ ብታዩት ጥሩ ነው። «ሜይል» የሚለው ፎልደር ውስጥ ኢንቦክስ የሚባል፣ ከስሙ ኋላ ምንም ቅጥያ የሌለው ፋይል ታገኛላችሁ። በተለመደው አሠራር የመልዕክት ሳጥናችሁ በሙሉ፣ ከነአባሪዎቹ፣ እሱ አንድ ፋይል ነው። አጠገቡ ተመሳሳይ ስም ያለው፣ መጨረሻው ኤምኤስኤፍ የሆነ ትንሽ ፋይል አለ። ያ ማውጫ ነው፤ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ትልቁን ግን የሚተካው የለም። አድራሻዎቹ በሌላ ፋይል፣ የይለፍ ቃሎቹ ደግሞ ሁለት ፋይል ላይ ተከፍለው ነው ያሉት፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ስለዚህ እየመረጣችሁ አትውሰዱ። የፕሮፋይል ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ። ኮፒ ነው ያልኩት፤ ከት አታድርጉ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ዋናው በቦታው መኖር አለበት።

ፍላሹ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ቦታው ሰፊ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የቆየ ኢንቦክስ ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ፍላሹን አራግፋችሁ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ እንደገና ፎርማት አድርጉት። ኮፒው ሲያልቅ በሁለቱም ፎልደሮች ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ በሉ። የባይቱ መጠንና የፋይሎቹ ቁጥር መግጠም አለበት። ካልገጠመ እንደገና ቅዱ።

አሁን ደብዳቤውን ወደምታዛውሩበት ኮምፒውተር እንሂድ፤ «አዲሱ» የምለው እሱን ነው። አዲሱ ላይ የምትጭኑት ተንደርበርድ የድሮውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ አዲስ ይሁን። አሮጌ ቨርዥን በአዲስ ቨርዥን የተከፈተ ፕሮፋይል ሲያገኝ አልከፍትም ይላል። የቀዳችሁትን ፎልደር ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ አምጡት። ኢንተርኔቱን አጥፉ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑ፤ በምትመጣው ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደል ተንደርበርድ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትልቁን ፒ ጻፉ። የፕሮፋይል መምረጫው ይመጣል። ክሪዬት ፕሮፋይል በሉና፣ ቹዝ ፎልደር ብላችሁ ያመጣችሁትን አሳዩት። ደብዳቤው፣ አካውንቱ፣ የይለፍ ቃሉ ተያይዞ ይመጣል። አንድ ፎልደር ባዶ ቢመስል አትደንግጡ፤ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሪፔር ፎልደር በሉት።

ሌላው የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ነው፤ የምናገረው ስለ ክላሲኩ አውትሉክ ነው፤ እሱ ላይ ነገሩ አጭር ነው። አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ዳታ ፋይልስ የሚለው ፋይሉ የት እንዳለ ይነግራችኋል። መጨረሻው ፒኤስቲ ከሆነ አውትሉክን ዝጉና ቅዱት። ኦኤስቲ ከሆነ መቅዳቱ አይጠቅምም፤ ከዚያው አካውንት ጋር የታሰረ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይከፈትም። እዚያ ውስጥ ሰርቨር ላይ የሌለ ነገር ካለ በኤክስፖርት ወደ ፒኤስቲ አውጡት። አዲሱ ላይ ፋይል፣ ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት፣ ኦፕን አውትሉክ ዳታ ፋይል በሉ። ፒኤስቲውን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ እንጂ ከፍላሹ ላይ አትክፈቱት። የይለፍ ቃሉ ግን በፒኤስቲው አይመጣም። የይለፍ ቃሉንና የሰርቨሮቹን ስም ቀድማችሁ ጻፉ፤ ቃሉን የሚያውቀው ከሥራ የለቀቀ ልጅ ብቻ የሆነበት ቢሮ ብዙ ነው።

አሮጌውን ፎርማት አድርጉ የምለው አዲሱ ላይ ሁለት ነገር ካየሁ በኋላ ነው። የቆየ ደብዳቤ ፈልጌ አባሪውን እከፍታለሁ። ከዚያ ኢንተርኔቱን መልሼ ለራሱ አድራሻ አንድ መልዕክት ልኬ ሲመለስ አያለሁ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ አሮጌው ለጊዜው እንዳለ ይቀመጥ።

የፍላሹን ነገር አደራ። የተንደርበርድ ፕሮፋይል ዋና የይለፍ ቃል ካልተደረገበት፣ ያን ፍላሽ ያገኘ ሰው ኢሜይላችሁን ከነይለፍ ቃሉ ይከፍተዋል። ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ ሌላ ፋይል ልቀዳበት ለሚል ሰውም አታውሱት። ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ አዲሱ ኮምፒውተር ወር ያህል ያለ ችግር ከሠራና ሌላ ቅጂ ከያዛችሁ በኋላ ፍላሹ ላይ ያለውን አጥፉት።